ጋሽ ካርድና ቀዩ መስኮት

ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋይዋና ባለቤቱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከዋናው ሐኪም እስከ በር ጠባቂው፣ «ጋሽ ካርድ» ይለዋል። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። ሲቀጠር ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ አሁን ከመደርደሪያው አቧራ ይሁን ከዕድሜ አይታወቅም፣ ጭንቅላቱ ነጭ ሆኗል። ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁ የሚጎላ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ሲጮህ የኖረ ሰው እንዴት በለሆሳስ ያውራ? «አንተ ባለ ኮቱ! የማንን ካርድ ነው የምትፈልገው? የራስህን? ታዲያ ስምህን ለመናገር ምን ያሳስብሃል?» ይላል፤ ሰልፈኛው ይስቃል፣ ባለ ኮቱም ሳይወድ ይስቃል፣ ሰልፉም ይንቀሳቀሳል።

ወይ ያ ሰልፍ! አዲስ ካርድ ለማውጣት የሚሰለፈው ሰው ግቢውን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይደርስ ነበር። ሰው ሲመረው ዘዴ አያጣምና የከተማው ሰውም ለአንድ ቤት አንድ ካርድ ማውጣት ለመደ። እናት ለወሊድ ስትመጣ ካርድ ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ልጅ ቢያስለው በእሷ ካርድ፣ አባት ወገቡን ቢያመው በእሷ ካርድ፣ አማት ደም ግፊቷ ቢነሣ በእሷው ካርድ ይታከማሉ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ለመዱት፤ በየገጹ አናት ላይ «ልጇ»፣ «ባሏ»፣ «አማቷ» እያሉ መጻፍ ጀመሩ፣ ሲቸኩሉ ደግሞ እሱንም ይተዉታል። የሽፋኑን ስም ብቻ አይቶ የሚያነብ ሰው ጉድ ነው የሚያነበው። አንዲት ሴት አራት ልጅ ወልዳ፣ በሚቀጥለው ገጽ ፕሮስቴቷን ታማ፣ ገለጥ ሲያደርግ ደግሞ ክብደቷ ዘጠኝ ኪሎ ሆኖ ያገኛታል። ጋሽ ካርድ ይህን እያነበበ ብቻውን ሲስቅ ይውላል። የገዛ ቤቱ ካርድም ያው እንደዚያው ነበር።

የቤቱ ካርድ ሽፋን ላይ ያለው የባለቤቱ ስም ነው። ከውስጥ ያለው ገጽ ግን አብዛኛው የታናሽ እህቱ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እህቱ የወተት ጥርሷ እንኳን አልረገፈም ነበር። አምጥቶ ከባለቤቱ ጋር አሳደጋት። ልጅ ስላልወለዱ ልጃቸውም እህታቸውም እሷ ነበረች፤ «ሚጣ» ይሏታል። አድጋ ልብስ ስፌት ተምራ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥራ፣ የሰው ሱሪ ስታሳጥር እየዋለች ማታ ማታ ቤቱን በሳቅ የምትሞላው እሷ ነበረች።

ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን አሟት ፔኒሲሊን ተወጋች። መርፌው ከወጣ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ፊቷ አበጠ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ትንፋሿ ሊቆም ትንሽ ቀረው። ሐኪሞች ተረባርበው አተረፏት። ያን ዕለት ሐኪሙ በቀይ እስክሪፕቶ ካርዱ ላይ የጻፈውን ጋሽ ካርድ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሚጣ ባመማት ቁጥር ሥራውን ጥሎ አብሯት ይገባል። ነርሷ መርፌ ሳታነሣ፣ ሐኪሙ ብዕሩን ሳያነሣ፣ «ይህቺ ልጅ ፔኒሲሊን አይስማማትም! ሰምታችኋል?» እያለ በዚያ በመስኮት ድምፁ ይጮኻል። ሚጣን በሀፍረት መሬት ግቢ ግቢ ይላታል። የመድኃኒቱን ስም ግን አንድም ቀን ልትይዘው አልፈለገችም። «አንተ እያለህልኝ በማይጠቅም ስም ጭንቅላቴን ለምን ልሙላ፣ ወንድም ጋሼ?» ትለዋለች። ይህን ስትለው ደስ ይለው ነበር፤ ሰው የሚፈለግበት ቦታ ሲኖረው ደስ ይለዋል።

ኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ገና ከመኪናው ሲወርድ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት የሚያይ፣ ሰላምታ እንኳን ሲሰጥ «ቶሎ፣ ቶሎ» የሚል ሰው ስለሆነ ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር «አቶ ቶሎ» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያ ሰልፍ ያንገበገበው የመጀመሪያው አለቃ እሱ ነው። «ሰው ለመታከም መጥቶ ቆሞ መታመም አለበት?» ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ካርድ ራሱ አጨብጭቦለታል። ኮምፒዩተር አስመጣ። በየክፍሉ አንድ አንድ ማሽን ተተከለ። አንድ ሰው አንድ ፋይል፣ አንድ ፋይል አንድ ቁጥር ተባለ፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ካርድ ሁሉ ወደ ማሽኑ እንዲገባ ታዘዘ።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ፊልም የሚያሳይ መስሏችሁ እንዳትጓጉ። የሚያሳየው የሠራተኛውን ስምና በዕለቱ የሠራውን ነው። የትኛዋ ነርስ ስንት በሽተኛ አየች፣ የትኛው የካርድ ሠራተኛ ስንት ካርድ አስገባ፣ ማን ከላይ ነው፣ ማን ከታች ነው፣ በሽተኛው ሁሉ ወረፋ እየጠበቀ ያነበዋል። ነገሩ ሠርቷል፤ አይካድም። ድሮ ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ከምሳ በፊት መድኃኒቱን ይዞ መውጣት ጀመረ። ነርሶቹ ግን ሽንት ቤት መሄድ ፈሩ።

ማሽኑ አንድ ሌላ አመልም ነበረው። ለበሽተኛው የማይሆን መድኃኒት ሲታዘዝ ቀይ መስኮት ይከፍትና ያስጠነቅቃል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ክፋቱ ሁሉም ነገር ያስፈራዋል። ለራስ ምታት ክኒን ቀይ፣ ለሳል ሽሮፕ ቀይ፣ ሽማግሌ ከሆነ ቀይ፣ እርጉዝ ከሆነች ቀይ። ቀዩን መስኮት እየቆመ የሚያነብ ሠራተኛ ስሙ ኮሪደሩ ላይ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉም፣ ሐኪሙም ነርሷም፣ ቀይ ባዩ ቁጥር ሳያነቡ መዝጋት ለመዱ። ጣታቸው ከዓይናቸው ቀደመ።

ካርድ ክፍል ውስጥም ነገሩ ያው ነው። የቤት ካርዱን ለየሰዉ እየለያዩ ማስገባት ፈተና ሆነ። ጓደኞቹ ለመለየት አልደከሙም፤ የቤተሰቡን ሕመም ሁሉ በሽፋኑ ስም ላይ ይዘረግፉና «ኋላ እንለየዋለን» ይላሉ፣ ስማቸውም ሽቅብ ይወጣል። ጋሽ ካርድ ይህን ሲያይ አንጀቱ ያርር ነበር። «የአማቷን ደም ግፊት ለምራቷ ሰጥታችሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ይላቸዋል። «አንተ ለይ፣ ጋሽ ካርድ፤ እኛ እንፍጠን» ይሉታል። እየለየ ቀጠለ፤ ስሙም ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ተሰክቶ ቀረ። አንድ ቀን አቶ ቶሎ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ጋሽ ካርድ፣ ጡረታዎ ሳይደርስ ለሌላ ክፍል እንዳንሰጥዎ» አለና ሄደ። በቀልድ ይሁን በቁም ነገር አልገባውም። እሱ ግን ሌላ ክፍል የሚባል አገር አያውቅም።

የቤቱን ካርድ ያስገባው በዚያው ቀን ነው። የባለቤቱን ፋይል ከፈተ፣ የሚጣን ፋይል ከፈተ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና እየተጣደፈ ገጽ በገጽ አስገባ። ያቺ ቀይ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ግን ረጋ አለ። ማሽኑ ያዘጋጀውን አጭር ቃል ትቶ በራሱ አማርኛ ጻፈው፤ ማንም ቢያነበው እንዲደነግጥ አድርጎ። ጽፎ ሲጨርስ ከትከሻው ላይ ጆንያ የወረደለት መሰለው። ማታ ቤት ገብቶ፣ «ሚጣዬ፣ ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም። ማሽኑ አውቆሻል» አላት። «እሰይ! ከዚያ ጩኸትህ ተገላገልኩ» ብላ አቀፈችው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሚጣ ጉሮሮዋን አመማት። አንድ ረፋድ ላይ ጨርቅ አንገቷ ላይ ጠምጥማ በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ አለች። ድምፏ ተዘግቶ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አብረኸኝ አትገባም?»

ጋሽ ካርድ ዓይኑን ከማሽኑ ላይ አላነሣም። ያን ቀን ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግርጌው ወደ ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር።

«ሂጂ አንቺ፣ ልጅ ነሽ እንዴ? ሁሉም ማሽኑ ላይ አለ አልኩሽ። እነሱ እንዲያነቡት አይደል የጻፍኩት?»

«እሺ ባለ ማሽኑ!» አለችውና ሄደች። ካርድ ማስገባቱን ቀጠለ። ኮሪደሩ ውስጥ ሩጫ ሲሰማ እንኳን አልተነሣም፤ ሆስፒታል ነው፣ ሩጫ ይሰማል። የተነሣው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ስታየው ነው። ሲደርስ ሚጣ መርፌ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተዘርግታለች፣ ሦስት ሰው ተንበርክኮባታል። ፊቷ ያኔ በልጅነቷ ያየው ፊት ነበር። ስሟን እየጠራ ጮኸ፤ ያ የመስኮት ድምፅ ሕንጻውን ሞላው። እሷ ግን አልሰማችውም።

የወጋቻት ነርስ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ቅጥሯም በኮንትራት የሆነ፣ ሁሉም «ቀጭኗ» የሚሏት ልጅ ነበረች። ጋሽ ካርድ ቅስሙ ተሰብሮ ከተቀመጠበት የሐዘን ቤት ወጥቶ ወደ ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው እሷን ነው። በሰው ፊት፣ በኮሪደሩ መሃል፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ያዛት።

«ቀዩን መስኮት አላየሽም?»

«ጋሼ፣ አልነበረም» አለች ልጅቷ። «ጠይቄያታለሁ እኮ። የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ ስላት፣ ሁሉም ማሽኑ ላይ አለ፣ ወንድሜ ራሱ ነው ያስገባው አለችኝ። አየሁ፣ ምንም የለም። ማሽኑም ዝም አለ።»

«በገዛ እጄ የጻፍኩትን የለም ትይኛለሽ? ዘግተሽው ነው! እንደ ሁልጊዜው ሳታነቢ ዘግተሽው ነው!»

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ ይጣራ የነበረው ፋይሉን ከፍቶ በማየት ነው። ሆኖም ማሽኑ የሞተ ሰው ፋይል ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ የሚከፍተው የሠራው ድርጅት ብቻ ነው። ለድርጅቱ ደብዳቤ ተጻፈ። መልሱን ውሃ በላው። አቶ ቶሎ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅበትም፤ ማሽኑ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችም ሊሄድ ስለተቃረበ ስሙ እንዲጠፋ አልፈለገም። ስለዚህ መርፌውን ያዘዘው ሐኪም «ቀይ ልይ አልይ አላስታውስም» ሲል ታለፈና ሁለት ሰው ብቻ ተጠየቀ።

ጋሽ ካርድ ቀርቦ ማለ። በሐሰት አልማለም፤ ይህ ይታወቅለት። እያንዳንዱን ቃል ሲጽፍ ትዝ ይለዋል፣ ጣቱ ቁልፉን ሲጫን ትዝ ይለዋል። «የእህቴ ደም አለበት፤ የጻፍኩትን ጽፌያለሁ» አለ፤ ድምፁ ሲሰበር የኮሚቴው ሰዎች አቀረቀሩ። ቀጭኗ ነርስ ቀረበች። «ቀይ መስኮት ሳታነቢ ዘግተሽ ታውቂያለሽ?» ተብላ ተጠየቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። እሷ ግን፣ «አዎ፣ ሁላችንም እንዘጋለን። ያን ቀን ግን አልነበረም» አለች። ከመልሷ ውስጥ የፊተኛውን ወሰዱ፣ የኋለኛውን ተዉት። ማሽኑ ሠርቷል፣ መረጃው ገብቷል፣ ሰው አጥፍቷል ተባለ። ከሥራዋ ተሰናበተች፤ የሙያ ፈቃዷም ታገደ።

ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ቆማ፣ «ጋሼ፣ በእናቴ፣ አላየሁም» አለችው። ጋሽ ካርድ መስኮቱን ፊቷ ላይ ዘጋው። መዝጋቱ ትንሽ እፎይታ ሰጠው፤ የሚጠሉት ሰው ሲገኝ ሐዘን ለጊዜው ይቀላል። ያን ረፋድ ዓይኑን ከማሽኑ ላይ ሳያነሣ «ሂጂ» ማለቱ በመጣበት ቁጥር፣ ቀጭኗን ነርስ ያስባትና ንዴቱ እሱን ከራሱ ያድነዋል። ወራት በዚህ ሁኔታ አለፉ። ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው ጠፋ። ባለቤቱና እሱ ሲበሉም ሲተኙም በሩን የሚያንኳኳ ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ባለቤቱ እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶባት አመረቀዘ። አልሄድም ብላ ስታስቸግር ከርማ እብጠቱ ሲብስ ይዟት መጣ። ከሚጣ ወዲህ ማንንም ብቻውን ወደ ሐኪም አይልክም። ገብተው ተቀመጡ። ሐኪሙ አዲስ የመጣ፣ ፊቱ የሚፈካ ሰው ነበር። ቁስሉን አየ፣ መረመረ፣ «የፔኒሲሊን መርፌ እናዝዝልዎታለን፣ ቶሎ ያደርቅልዎታል» ብሎ ወደ ማሽኑ ዞረ።

ማሽኑ ቀይ ሆነ።

ይህ ሐኪም ገና አዲስ ስለሆነ ቀይ ሲያይ ያነባል። አነበበና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ኧረ እናቴ፣ እንዴት ይህን አልነገሩኝም? ልገድልዎት ነበር እኮ!» ማሽኑን ወደ እነሱ አዞረላቸው። ቀዩ መስኮት ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦ ‹በልጅነቷ ለጉሮሮዋ ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ ትንፋሿ ሊቆም ነበር። በፈጠራችሁ አምላክ፣ ይህን መርፌ ማንም እንዳይወጋት።›

ጋሽ ካርድ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ደግሞ ከላይ ጀመረ። ቃሉ የራሱ ነው። ከመስኮቱ ራስጌ ያለው ስም ግን የባለቤቱ ነው።

«በልጅነቴ?» አለች ባለቤቱ። «እኔ በልጅነቴ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። የተወለድኩበት አገር መርፌ አልነበረም። ደግሞም ይህን መርፌ ስንት ጊዜ ተወግቼዋለሁ፣ ምንም...» ቃሏ መሃል ላይ ተቆረጠ። ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች።

«ሰው የልጅነቱን ይረሳል» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። «ማሽኑ ግን አይረሳም። የተባረከ ሰው ነው ያስገባው፤ እስቲ ማን ነው...» ወደ ታች አየ። «የካርድ ክፍል ሰው ነው። ምናልባት ያውቁት ይሆን? ሚስትዎን አትርፎልዎታል።»

ጋሽ ካርድ ያን ቀን እየተጣደፈ ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ታየው። የጻፈው እውነት ነው፣ ያረፈበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የሰውን አማትና ምራት ሲለይ ኖሮ የገዛ ቤቱን ሰው ማቀላቀሉ እንደ ድንጋይ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ በሐሳቡ የመጣችበት ሚጣ አልነበረችም። መስኮቱን የዘጋባት ልጅ ናት የመጣችበት።

ሌላ መድኃኒት ታዝዞላቸው ወጡ። ባለቤቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ደርሳ መራመድ አቃታት፤ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ያቺ ልጅስ?»

«ሚጣ ላትነሣ...» ብሎ ጀመረ። «ማንም አያውቅም። እኔና አንቺ ብቻ ነን። ብናገር ምን ይመለሳል?»

ባለቤቱ እግሯን እያመማት ተነሥታ ቆመች። «ምን ይመለሳል ትለኛለህ? ሚጣን ገደለች እያልኩ ስረግማት የኖርኩት እኔስ? የሰው ልጅ በሐሰት ስረግም የኖርኩት እኔስ? ሄደህ ካልነገርካት ከአንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም።» እንዲህ ያለ ቃል ወጥቷት አያውቅም።

መጀመሪያ የሄደው ወደ አቶ ቶሎ ነው። ሁሉንም ነገረው፤ «ልጅቷ ትመለስ፣ እኔን እሰሩኝ» አለው። አቶ ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል አዳመጠ። ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ካርድ፣ ኮሚቴው ፈርሷል። ጉዳዩ ተዘግቷል። ማሽኑ ዘንድሮ አምስት ሆስፒታል እየገባ ነው፤ አሁን የሁለት ሰው መረጃ ተቀላቀለ ቢባል ምን እንደሚፈጠር ያውቃሉ? ስንት የቤት ካርድ እንደዚያ እንደገባ ያውቃሉ?» ጋሽ ካርድ ያውቃል። ከማንም በላይ ያውቃል። «ይጡሩ፣ ይረፉ» አለው አቶ ቶሎ፤ እጁን ጨብጦ እስከ በሩ ሸኘው። ሰው ሲሸኝ ታይቶ አያውቅም።

ቀጭኗ ነርስ የት እንዳለች ለማወቅ ብዙ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ሆቴሎች አንሶላ የሚያሳጥቡበት አንድ ልብስ እጥበት ቤት ውስጥ እንደምትሠራ የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችው። ቦታው ከገበያው ጀርባ ነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ስሟን ከመጥራቱ በፊት አየችው። እርጥብ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች ወደ ደጅ ወጣች። ከስታለች፤ ቀጭን የሚለው ቅጽል አሁን ያንሳታል።

«ጋሼ» አለችው። አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ካርድ የተለማመደው ንግግር ሁሉ ጠፋው። «ልጄ፣ አልነበረም» አለ። «ቀዩ መስኮት አልነበረም። እኔ ነኝ። በባለቤቴ ፋይል ላይ ነው የጻፍኩት። አንቺ ንጹሕ ነሽ፤ ምንም አላጠፋሽም። ለማንም እናገራለሁ፣ ፍርድ ቤት ድረስ እሄዳለሁ።»

ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብሎ ነበር የመጣው። ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ግራ የተጋባ ሰው ፊት አሳየችው።

«አይ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ነበረ እኮ።»

«አልነበረም እልሻለሁ! በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ አልነበረም ብዬ ነበር። ኮሚቴውም ላይ አልኩ፣ ለእርስዎም አልኩ። ማንም አላመነኝም፤ እናቴ እንኳን ‹ምናልባት ረስተሽው ይሆናል› አለችኝ። ከዚያ ሳስበው፣ ሳስበው፣ አንድ ቀን አየሁት። ቀይ ነው። ‹በማሽኑ ላይ አለ› ብላ ፈገግ ስትልልኝ ከጎኗ ቀዩ ተከፍቷል፤ እጄ ሲዘጋው ይታየኛል። አሁን ስተኛ ይታየኛል፣ አንሶላ ሳጥብ ይታየኛል። ጽሑፉን እንኳን ላነበው ትንሽ ይቀረኛል።»

«ያንን እኔ ነኝ የነገርኩሽ» አለ ጋሽ ካርድ። «አልሆነም። አላየሽም።»

ከውስጥ አሠሪዋ ጠራቻት። «መጣሁ!» አለች። ከዚያ ዓይኖቿን ቀና አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊት ለፊት አየችው።

«እሺ፤ አላየሁም እንበል። ግን ይታየኛል እኮ፣ ጋሼ። ይህን አሁን ማን ያጠፋልኛል?»

ልጅቷ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ እጇን እንደገና በሽርጧ ጠረገችና ወደ እንፋሎቱ ተመልሳ ገባች።